ሁለተኛ ዓይን

«ስልክ እዚህ!» አሉ እትዬ ሙሉነሽ፣ ትልቁን የስኒ ትሪ ወደ ሳምራዊት ደረት እየገፉ። «ደግሞ አጥፍተሽ ነው። ድምፁን ቀንሻለሁ ምናምን የሚባል ነገር አልሰማም።»

ትሪው ላይ ሃያ የሚሆን ስልክ ተኮልኩሏል። መስታወቱ የተሰነጠቀ አለ፣ ጀርባው ላይ የማርያም ሥዕል የተለጠፈበት አለ፣ የሽማግሌ ባለ ቁልፍ ስልክም አለ። ለቅሶ ቤት ሲገባ ጫማ ማውለቅ የነበረ ነው። ስልክ ማስረከብ ግን በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ምናልባትም በመላው ሸገር፣ ከዚህ ቤት ነው የተጀመረው። ሆኖም ከትናንት ጀምሮ አንድ ለቀስተኛ እንኳ አላጉረመረመም። የሟች እናት የበራ ስልክ ሲያዩ ምን እንደሚሆኑ የቀብሩ ዕለት ሁሉም አይቷል።

ሳምራዊት ስልኳን አጥፍታ ትሪው ላይ አስቀመጠች። እጇን ከስልኩ ላይ ቶሎ አላነሳችም። የሟች አክስት የሆኑት እትዬ ሙሉነሽ ይህን የሐዘን አድርገው ተረጎሙት፤ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ግቢ» አሏት። እንዲህ ሲሏት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቤቱን ሁሉ ስልክ ያስጠላው ጽሑፍ የወጣው ከሷ ስልክ ነውና።

ሟቹ አብነት የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጋዜጣ የ«ሰሌዳ» ዋና አዘጋጅ ነበር። ሰሌዳ በወር አንዴ በስምንት ገጽ ትታተማለች፤ በተረፈው ጊዜ የምትኖረው በቴሌግራም ቻናሏ ነው። ቢሮዋ ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሥር ያለች፣ ቀድሞ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባት የነበረች ክፍል ናት። ሳምራዊት ምክትል አዘጋጅ፣ ሙዘሚል የሚባለው ጓደኛቸው ደግሞ ገጽ አቀናባሪ ናቸው። የቀሩት ስማቸው ጋዜጣው ላይ ሲወጣ ብቻ ብቅ የሚሉ ነበሩ።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ አንድ መኝታ ነው። ዕቃው ወጥቶ ዙሪያውን ፍራሽ ተነጥፏል። ወንዶቹ ታች ብሎኩ ፊት በተተከለው ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ የሰኔ ዝናብ ሸራውን ሲደበድበው እላይ ድረስ ይሰማል። የአብነት እናት እትዬ አፀደ ጥጉን ይዘው፣ ጥቁር ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አስረው ተቀምጠዋል። ከራስጌያቸው የአብነት ፎቶ ተሰቅሏል። ጋውን ለብሶ፣ ቆቡን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ይስቃል። ምረቃው ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር፤ ኋላ ወረፋ ይበዛል ብለው ተማሪዎች ቀደም ብለው ይነሱ የለ፣ እሱም እንደዚያው ተነስቶ ነው።

«ሳምሪ» አሉ እትዬ አፀደ ገና ከበሩ ሲያዩዋት። «እዚህ ነይ። አጠገቤ።»

አንዲት ጎረቤት ተነስታ ቦታ ለቀቀችላት። እትዬ አፀደ የሳምራዊትን እጅ ወስደው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ በላዩም የራሳቸውን እጅ ጫኑበት።

«ምሳ በልተሻል?»

«በልቻለሁ እትዬ።»

«ውሸትሽን ነው። ሙሉነሽ! ለዚች ልጅ ንፍሮ አምጪላት። እሱም እንደዚሁ ነበር፤ ጋዜጣ በሚወጣበት ሳምንት እህል አይቀምስም። አንቺ ብዪና እኔም አብሬሽ ልቅመስ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ከማንም እጅ አልበላም ያሉት ሴትዮ ከሳምራዊት ሳህን አራት ፍሬ ባቄላ አነሱ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሴቶች ተያዩ፤ አንዷ «እሰይ» አለች በሹክሹክታ። ሳምራዊት የቀረውን ንፍሮ ወደ እሳቸው አስጠጋችው።

ሳህኑን ለማጠብ ወደ ማድቤቷ ስትገባ እትዬ ሙሉነሽ ከአንዲት እንግዳ ጋር ቆመው ነበር። ሴትየዋ ሔዋን ትባላለች፤ ከእትዬ አፀደ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ አብራ የምትሠራ ናት።

«ግን እንዴት ሰማች?» አለች ሔዋን።

«ተይኝ እቴ» አሉ እትዬ ሙሉነሽ። «መርዶው ተሰናድቶ ነበር እኮ። ወንድማችን ሽፈራው የንስሐ አባቷንም፣ የእድሩን ሽማግሌዎችም ይዞ፣ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ በወጉ ሊያረዷት ነበር። እሷ ሆዬ ከሥራ ወጥታ መገናኛ ተሰልፋ ታክሲ ትይዛለች። አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ትነካካለች። አየት ብታደርግ የአብነት ፎቶ! ይሄው የምረቃው። ደስ አላት። ‹ልጄ እኮ ነው!› አለቻት። ‹ዛሬ ደግሞ ምን ጽፎ ነው? እስቲ አንብቢልኝ፣ መነጽሬን አልያዝኩም።›»

ሔዋን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

«ልጅቷ ምን ታድርግ? ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ታለቅሳለች። አፀደ ደግሞ ‹ምነው የኔ እናት፣ ምን ነካሽ? ማን ምን አለሽ?› እያለች ታባብላታለች። ልጅቷን ነው እኮ የምታባብለው! እስከ ሲኤምሲ ድረስ አባበለቻት። ከዚያ አንዱ ከኋላ ‹አብነት የሚባለው ልጅ ሞተ አሉ አይደል› አለ።»

«አቤት አቤት! ማነው ግን እናት ሳትረዳ ያወጣው?»

«ካወቅነውማ። እናት የሌለው ይሆናል። እጁን...» ብለው ጀመሩና እትዬ ሙሉነሽ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ለቅሶ ቤት ነው፣ አልራገምም።»

ሳምራዊት ያችን ሳህን ሦስተኛ ጊዜ እያጠበቻት ነበር።

*

እውነቱን እንናገር ከተባለ አብነት ቀርፋፋ ነበር። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ አንዲት አንቀጽ ይዞ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። በግቢው ውስጥ ሰሌዳን «ትናንትና» ይሏት ነበር። «ትናንትና ወጣች?» ይላሉ ተማሪዎቹ፣ ካፌ ተሰልፈው፤ ይስቃሉ። እሱም አብሮ ይስቃል። ግን የዶርሙ ውኃ ለሰባት ሳምንት ለምን እንደጠፋ የግቢው ወሬኛ ቻናል ሁሉ የየራሱን ግምት ሲነፋ፣ ከተበላሸው ፓምፕ ቁጥር ጀምሮ መልስ ሳያገኝ እስከቀረው የጥገና ደብዳቤ ድረስ ፈልጎ ያገኘው እሱ ነው። አንድ ወር ቢፈጅበትም ውኃው መጣ።

ሳምራዊት ጋዜጣውን በተቀላቀለች በሁለተኛው ሳምንት፣ ተስፉ የሚባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ለእረፍት አገሩ ሄዶ ወንዝ ውስጥ ሰጠመ። ዜናውን ከማንም ቀድማ ያገኘችው እሷ ነበረች። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ወደ ቢሮው ሮጠች።

አብነት ጽሑፏን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም። «መርዶው ተነግሯል?» አላት።

«የምን መርዶ?»

«ለእናት ለአባቱ። ያውቃሉ ወይ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አብረውት የነበሩት ልጆች ናቸው የነገሩኝ።»

«እሱን አጣሪና ተመለሺ።»

ሁለት ቀን ፈጀ። አባትየው ከሌላ ከተማ እስኪመጡ፣ ሽማግሌ እስኪላክ ድረስ ሌሎቹ ቻናሎች ሁሉ ለጥፈውት፣ ሰው አልቅሶ፣ ረስቶት ነበር። ሳምራዊት በንዴት ስትግል አብነት ሻይ ገዝቶላት ደረጃው ላይ አስቀመጣት።

«እናንተ ሰፈር እድር ጡሩንባ ነፊ የለውም?» አላት።

«ድሮ ነበረ።»

«እኛ ጋ አሁንም አለ፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ። እና እሱ ሰውዬ ቤተሰቡ እስኪያለቅስ ጡሩንባውን ብብቱ ሥር ይዞ ብሎኩ ጥግ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የለቅሶውን ድምፅ ሲሰማ ነው የሚነፋው። አስቢው፣ ሥራው መንፋት የሆነ ሰው! እኛ ከሱ እናንሳለን?»

ሌላው ሕጉ ሁለተኛ ዓይን የሚባለው ነው። ብቻውን የሚወጣ ነገር የለም። ለኅትመት የሚሄድ ገጽ በስተቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ ሁለት ሰው በእርሳስ ይፈርምበታል፤ ለቻናሉ የሚሆን ጽሑፍ ደግሞ መጀመሪያ ለሦስቱ በተከፈተው ግሩፕ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው ሰው አንብቦ «አየሁት፤ ይውጣ» እስካላለ ድረስ አይወጣም። ለሳምራዊት ጽሑፍ ሁለተኛው ዓይን ሁልጊዜ አብነት ነበር። ማታ ማታ እየደወለች ስትቀሰቅሰው፣ ዓይኑን እያሻሸ «አየሁት፤ ይውጣ» ይላታል።

*

ሐሙስ ወደ ማታ ሳምራዊት ለመሄድ ስትወርድ ሙዘሚል ድንኳኑ በር ላይ ማስታጠቢያ ይዞ የለቀስተኛ እጅ ያስታጥባል። ከረቡዕ ጀምሮ ከዚህ ቤት አልጠፋም፤ ወንበር ያነሳል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ሽማግሌ ታክሲ ላይ ያሳፍራል። ውስጥ የአብነት አጎት ጋሽ ሽፈራው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያወራሉ። ወሎ ሰፈር ጋራዥ አላቸው፤ ዝቅ አድርጎ ማውራት ሥራቸው አላስተማራቸውም።

«እኔ ቀላል ነገር ነው የምጠይቀው» ይላሉ። «ሆስፒታል ማን ነበረ? እኔ ነበርኩ፣ ይኸ ውኃ የሚያስታጥበው ልጅ ነበረ። እኔ ጋዜጣ የለኝም። እሱ አለው። በቃ።»

ሙዘሚል ሰምቷል። ማስታጠቢያው ላይ እንዳቀረቀረ ለቀጣዩ ሰው ውኃ አፈሰሰለት።

ሳምራዊት እጁን ይዛ ከብሎኩ ጀርባ፣ የውኃ ታንከሩ ጋ ወሰደችው።

«ልነግራቸው ነው» አለችው።

«ለማን?»

«ለእናቱ። ለሁሉም።»

«ሳሚ፣ ስሚኝማ» አለ ሙዘሚል። ዓይኑ ቀልቷል። «ሴትዮዋ እህል የቀመሱት አንቺን አይተው ነው አሉ። ነግረሻቸው ካበቃሽ በኋላ ከማን ጋር ይብሉ? እኔን ቢጠሉኝ ምንም አይጎድልባቸውም፤ ከዚህ በፊት ሁለቴ ነው ያዩኝ። ይጥሉኝ። ያልፋል።»

«አንተ እኮ አላደረግከውም!»

«አውቃለሁ አላደረግኩም። ግን ስደውልልሽ ‹እናቱ አልሰሙም› ማለት ነበረብኝ። ለቅሶው አፈነኝና ሳልልሽ ተዘጋ። የኔም ድርሻ አለበት።»

«ብትለኝም ባትለኝም አውቀው ነበር» አለች ሳምራዊት። እውነቷን ነው። ሕጉን ከሷ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

ሲኤምሲን አልፎ ወደ መገናኛ በሚጓዘው ታክሲ ውስጥ ያችን ማክሰኞ እንደገና ኖረቻት። ጠዋት ከአብነት ጋር ተጣልተው ነበር። የምረቃው እትም ዘግይቷል፣ እሱ ደግሞ የተመራቂዎቹን ስም ለሦስተኛ ጊዜ ካላየሁ ብሎ ድርቅ አለ። «ባንተ ምክንያት እኮ ነው ሰው እኛን ትቶ ወሬ የሚያነበው!» ብላ ጮኸችበት። «ይቅደሙን» አለ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ፤ «እኛም ማታ እንደርሳለን።» ሳቅ አለና ወሎ ሰፈር ወዳለው ማተሚያ ቤት ሄደ። ከምሳ በኋላ የገጾቹን ናሙና ብብቱ ሥር ይዞ አስፋልት ሲሻገር መኪና ገጨው።

አስር ተኩል ላይ ሙዘሚል ከሆስፒታል ደወለ። «አልፏል» ብቻ አለ።

ሳምራዊት ያን ጊዜ ማልቀስ ነበረባት። ቁጭ ብላ ጻፈች። አንዱ የግቢው ወሬኛ ቻናል «አንድ ተማሪ አደጋ ደርሶበታል እየተባለ ነው» ብሎ ለጥፎ ነበር፤ «እየተባለ» የምትለዋ ቃል አቃጠለቻት። አብነት በአሉባልታ መሞት የለበትም አለች። ለራሷ የነገረችው ምክንያት ይህ ነው። በዚህ ላይ የማትክደው፣ ለማንም ያልነገረችው አንድ ሌላ ነገር አለ። ስትጽፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር አማረችላት። እንባዋ ኪቦርዱ ላይ እየወረደ፣ ዓረፍተ ነገሯ ስላማረች ደስ አላት። ቶሎ ሰው እንዲያያት ፈለገች።

ጽሑፉን ግሩፑ ውስጥ አስገብታ እንደ ልማዷ «ሁለተኛ ዓይን?» ብላ ጻፈች። እንደ ልማዷም ጠበቀች። የአብነት ስም ሥር መጨረሻ የታየበት ሰዓት ስድስት ከሃምሳ ይላል። ማንን እየጠበቀች እንደሆነ የገባት ያኔ ነው። እሪ አለች፤ እሪ እያለች ከምረቃ ፎቶው ጋር ቻናሉ ላይ ለጠፈችው። አስራ አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር። ሙዘሚል እየጮኸ ደውሎላት ስታጠፋው ሠላሳ ስምንት ደቂቃ አልፏል። በሠላሳ ስምንት ደቂቃ ውስጥ እትዬ አፀደ ታክሲ ተሳፍረዋል።

*

ዓርብ ሰልስት ነበር። ቄሶቹ ጸልየው ከሄዱ በኋላ ሰዉ ድንኳኑ ውስጥ ሰብሰብ አለ። ሙዘሚል ከጁምዓ ሶላት መልስ ደርሶ ወንበር ሊያነሳሳ ሲጎነበስ ጋሽ ሽፈራው ብድግ አሉ።

«ተወው ልጄ» አሉት። ጩኸት የለመደው ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር፤ የከፋውም ለዚያ ነው። «ወንበሩን ተወው። ሦስት ቀን አገልግለኸናል፣ እግዜር ይስጥልን። አሁን በእህቴ ፊት አትዙርብን። ሰኞ እኔ ራሴ ግቢያችሁ ሄጄ ያን ጋዜጣ አዘጋዋለሁ። የእናት አንጀት መቀለጃ አይደለም።»

ሰማንያ ሰው ወደ ሙዘሚል ዞረ። ሳምራዊት የሴቶቹን ምሳ ሳህን ይዛ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆማለች። «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም፤ ለአንድ ቃል ይህን ያህል መከራ ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። ሙዘሚል ቀና ብሎ አያት፤ ራሱን በትንሹ ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ከዚያ ጃኬቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ዝናቡ ውስጥ ገባ። ማንም አልሸኘውም።

ሳምራዊት ሳህኑን እዚያው መሬት ላይ አስቀመጠችው። ፎቁን ወጣች፣ ከትሪው ስልኳን አነሳች። እትዬ ሙሉነሽ «ልትሄጂ ነው እንዴ?» ቢሏት አልመለሰችም። ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። እርሳሱም አለ፤ ያ ከራስጌው ላጲስ የተተከለበት፣ አብነት ማክሰኞ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ትቶት የሄደው። ስልኳን አብርታ የተሰረዘውን ጽሑፍ ከግሩፑ ውስጥ ፈለገች። ከዚያ ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት ቃል ሳትቀንስ፣ በእጇ ገለበጠችው። ስልኳን መልሳ አጠፋች።

አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ለቀስተኛው ሳሳ። ክፍሉ ውስጥ እትዬ አፀደ ብቻቸውን ነበሩ፤ እትዬ ሙሉነሽ ማድቤት ናቸው። ሳምራዊት እንደወትሮው አጠገባቸው ተቀመጠች፤ እሳቸውም እንደወትሮው እጇን ወስደው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«እትዬ» አለች። «ያን ዕለት ታክሲ ውስጥ ያዩትን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ሙዘሚል አይደለም።»

ታች ሰው ወንበር ሲደራርብ ይሰማል። እትዬ አፀደ እጃቸውን ከእጇ ላይ አነሱ፤ ቀስ ብለው አነሱት፣ ሻሻቸውን እንደሚያስተካክል ሰው።

«ያ ልጅ ያውቃል?»

«ያውቃል።»

«እያወቀ ነው ዝም ብሎ የተሰደበው?»

«አዎ።»

«ሙሉነሽ!» ብለው ተጣሩ። እህታቸው እጃቸውን በሽርጣቸው እያበሱ ብቅ አሉ። «ሽፈራውን፣ ያን ልጅ ባባረረበት እግሩ ሄዶ ይመልሰው በዪው። ቤቱ ድረስም ቢሆን። ለምን ካለ አፀደ አለች በዪው።»

እትዬ ሙሉነሽ ሳምራዊትን አዩ፣ እህታቸውን አዩ፤ ምንም ሳይጠይቁ ወረዱ።

«የያዝሽው ወረቀት ምንድን ነው?» አሉ እትዬ አፀደ።

«እሱ ነው። ጽሑፉ።»

«አንብቢው። ልጅቷ አላነበበችልኝም።»

ሳምራዊት ማንበብ ጀመረች።

«የሰሌዳ ዋና አዘጋጅ አብነት፣ ዛሬ ሰኔ አስር ቀን፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። አብነት ቀርፋፋ ነበር። ስም አጣርቶ፣ ቀን አጣርቶ፣ ሁልጊዜ ከሁላችን ኋላ ይደርስ ነበር። ዛሬ ግን ሁላችንንም ቀደመን።»

ያማረችላት ዓረፍተ ነገር ይቺ ነበረች። አሁን አፏ ውስጥ እንደ አመድ ሆነችባት።

«ስንት አልሽ?» አሉ እትዬ አፀደ።

«ምኑን እትዬ?»

«ዕድሜውን።»

«ሃያ ሦስት።»

«ሃያ ሦስት የሚሞላው ነሐሴ አስራ ሁለት ነው።» እትዬ አፀደ ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተዋል፤ ገቢና ወጪ ደብዳቤ በቀን ሲያስፍሩ ነው የኖሩት። ጣታቸውን አጥፈው ቆጠሩ። «ሁለት ወር ከሁለት ቀን ጨመርሽለት። ከየት አመጣሽው?»

ሳምራዊት ሃያ ሦስት የሚለውን ወረቀቱ ላይ ተመለከተችው።

«ካለሽማ ስጪኛ» አሉ። ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ተሰበረ። «ካለሽ ስጪኝ እንጂ! ሁለት ወር! የምረቃ ሱፉን እንኳ ሳይለብሳት!»

ሁለቱም አለቀሱ። አልተቃቀፉም፤ አንዷ ግድግዳውን፣ አንዷ ወለሉን እያየች፣ በየፊናቸው አለቀሱ። መጀመሪያ ዝም ያሉት እትዬ አፀደ ናቸው። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና «አርሚው» አሉ።

ሳምራዊት እርሳሱን ገልብጣ በላጲሱ ሃያ ሦስትን አጠፋች፤ «በሃያ ሁለት ዓመት ከአስር ወሩ» ብላ በቦታው ጻፈች። የላጲሱን ብናኝ በእጇ ጠረገችው።

«ማታ ማታ ስልክ ይደወልለታል» አሉ እትዬ አፀደ። «ከእንቅልፉ ይነሳና ‹አየሁት፤ ይውጣ› ብሎ መልሶ ይተኛል። እኔ ደግሞ ምን ይሆን የሚወጣው እላለሁ።»

«እኔ ነበርኩ የምደውለው። አንድ ሰው የጻፈውን ሌላ ሰው ሳያይ እንዳይወጣ ብሎ ሕግ አውጥቶ ነበር። ሁለተኛ ዓይን ይለዋል። ያየው ሰው እዚህ ጥጉ ላይ ይፈርማል።»

«ይህን ማን አየው?»

«ማንም አላየው። የኔን የሚያየው እሱ ነበር።»

እትዬ አፀደ ከትራሱ ሥር መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። ወረቀቱን ተቀበሏት። ከናፍራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ጣታቸውን በየቃሉ ሥር እየጎተቱ አነበቡት፤ «ቀደመን» የምትለዋ ላይ ጣታቸው ረዘም ላለ ጊዜ ቆመ። ታች የጋሽ ሽፈራው መኪና ተነስታ ስትወጣ ተሰማ። ሲጨርሱ ከላይ ጀምረው ደገሙት። ከዚያ «እርሳሱን» አሉ።

በስተቀኝ ታችኛው ጥግ ላይ፣ ወጪ ደብዳቤ ላይ የሚፈርሙትን ያን ረጅም ፊርማቸውን ፈረሙ። ከሥሩም ቀኑን ጻፉ፤ ሰኔ አስራ ሦስት።

«አየሁት» አሉ።

ሳምራዊት የቀረችውን ቃል ጠበቀች። እትዬ አፀደ ግን ወረቀቱን አራት ላይ አጠፉት፤ ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ከጡታቸው ሥር ሸጎጡትና ነጠላቸውን መልሰው ሸፈኑበት።